የሰጠመ የእሳተ ገሞራ ሸንተረር፦ ስሌቱ 3031 ሜትር ይላል፣ የባሕሩ ወለል ግን 2250 ላይ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ማዕበል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር በታች ያለ የእሳተ ገሞራ ሸንተረር በዘመናት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰጥም ማስላት እየተለማመድኩ ነው። የመለማመጃው ጉድጓድ መረጃ ይህ ነው፦ የውሃው ጥልቀት 2250 ሜትር፣ ከወለሉ በታች 450 ሜትር ውፍረት ያለው ጠመኔና የጠመኔ ጭቃ፣ ከዚያ በታች ባሳልት። የባሳልቱ ዕድሜ 75 ሚሊዮን ዓመት። የላይኛው የላቫ ንጣፍ ወደ ቀይ አፈር ተለውጧል፤ ስለዚህ ላቫው ሲፈስ ቦታው ከውሃ በላይ ነበር ብዬ ወስጃለሁ።

የተጠቀምኩት ቀመር፦ ስምጠት በሜትር = 350 × √ዕድሜ፣ ዕድሜው በሚሊዮን ዓመት። 350 × √75 = 3031 ሜትር። ወለሉ ያለው ግን 2250 ላይ ስለሆነ 780 ሜትር ገደማ ይጎድላል። ቀመሩ ለተራ የውቅያኖስ ወለል እንጂ ለእሳተ ገሞራ ሸንተረር አይሠራም ማለት ነው? ወይስ ከሥር ያለው ሆትስፖት (ከምድር ጥልቅ ትኩስ አለት የሚወጣበት ቦታ) ደግፎ ይዞት ነው? ደግሞስ ማወዳደር ያለብኝ ከ2250 ጋር ነው ወይስ ባሳልቱ ካለበት ከ2700 ጋር?

ደለል

ወንድሜ፣ ቀመሩን ከመጠርጠርህ በፊት የምታወዳድረውን ቁጥር አስተካክል። ቀመሩ የሚነግርህ ባሳልቱ የት መድረስ እንዳለበት ነው። ባሳልቱ ደግሞ ያለው 2250 + 450 = 2700 ሜትር ላይ ነው። ይሁን እንጂ 2700ንም እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ከላይ የተከመረው ጠመኔ በክብደቱ ሸንተረሩን ተጭኖ ዝቅ አድርጎታል። ማወቅ የምንፈልገው ደለሉ ተነሥቶ በቦታው ውሃ ብቻ ቢኖር ባሳልቱ ስንት ሜትር ላይ ይቀመጥ እንደነበር ነው።

የተስተካከለ ጥልቀት = የውሃ ጥልቀት + የደለል ውፍረት × (የማንትል እፍግታ − የደለል እፍግታ) ÷ (የማንትል እፍግታ − የውሃ እፍግታ)

ለማንትል (ከቅርፊቱ በታች ላለው አለት) 3300፣ ለባሕር ውሃ 1030፣ ለደለሉ በአማካይ 1900 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ እንውሰድ። 1400 ÷ 2270 = 0.617፤ 450 × 0.617 = 278። ስለዚህ 2250 + 278 = 2528 ሜትር። ከጎደለህ 780 ውስጥ 278ቱ እዚህ ተገኘ።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ስህተት ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው የደለሉን እፍግታ የሚመለከት ነው። የሚያስፈልገው ውሃውን እንደያዘ ያለው የደለሉ እፍግታ ነው። ጠመኔው የተሠራበትን የካልሳይትን የማዕድን እፍግታ፣ 2710ን፣ ካስገባህ ማስተካከያው ከ278 ወደ 117 ሜትር ይወርዳል፤ 160 ሜትር በከንቱ ጠፋ ማለት ነው። ላይኛው ለስላሳ ጭቃ 1500 እና 1600 አካባቢ ሲሆን ወደ ታች እየጠነከረ 1900ንና ከዚያ በላይን ይነካል፤ ስለዚህ የጉድጓዱ ልኬት ካለህ ንጣፍ በንጣፍ አስላው፣ አንድ አማካይ ቁጥር አትጠቀም። ሁለተኛው ስህተት ውፍረቱን ከድምፅ ሞገድ መዝገብ ለሚያነቡ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው የደርሶ መልስ ጊዜ ነው። የባሕሩ ወለል በ3.0 ሰከንድ ላይ ከታየ 1.5 ሰከንድ × 1500 ሜትር በሰከንድ = 2250 ሜትር ነው። ደለሉ 0.53 ሰከንድ ከያዘ 0.265 × 1700 = 450 ሜትር ይሆናል። ለሁለት ማካፈል የረሳ ሰው ውፍረቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ ለደለሉም የውሃን ፍጥነት የተጠቀመ ሰው 50 ሜትር ያህል ያሳንሰዋል።

ከዚያ የባሕር ጠለል አለ። ከ75 ሚሊዮን ዓመት በፊት የዓለም የባሕር ጠለል ከዛሬው ከፍ ያለ ነበር፤ በስንት የሚለው ግን ግምቱ ከጥቂት አሥር ሜትሮች እስከ 200 ሜትር በላይ ይለያያል። በመካከለኛ ግምት 100 ሜትር ብትወስድ፣ ባሳልቱ የተነሣው ከዛሬው ጠለል 100 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ስለሆነ በጠቅላላው የወረደው 2628 ሜትር ይሆናል።

ቀዩ አፈር ደግሞ ቦታው ከውሃ በላይ እንደነበር ይነግርሃል፤ ምን ያህል በላይ እንደነበር ግን አይናገርም። 200 ሜትር ከፍታ ከነበረው ያንንም መውረድ ነበረበት። በዚያ ላይ ከውሃ በላይ ያለ መሬት ሲወርድ ቦታውን የሚይዘው አየር እንጂ ውሃ ስላልሆነ፣ ተጨማሪ ጭነት አያገኝም። ሰፊ ሸንተረር ከሆነ በአየር ውስጥ ያለው ስምጠት በውሃ ሥር ካለው 0.69 እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 200 ሜትር በአየር መውረድ በቀመሩ ሲለካ 290 ሜትር ያህል ነው። አፈሩ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ ወይም ከረግረግ ንጣፍ ጋር እየተፈራረቀ ከመጣ ከፍታው ትንሽ ነበር ማለት ትችላለህ። ለብቻው ወፍራም ሆኖ ከመጣ ግን ተጠንቀቅ።

ሊቶስፌር

ደለል ያለው ትክክል ነው፤ እኔ የስሌቱን ሌላኛውን ወገን ልያዝ። 350 × √ዕድሜ ለሁሉም ዕድሜ የሚሠራ ቀመር አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. ፓርሰንስና ስክሌተር ሲያወጡት ራሳቸው ከ70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ወለሉ ከስኩዌር ሩቱ እየቀረ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ከዚያ በላይ ላለው ያቀረቡት፦ ጥልቀት = 6400 − 3200 × ኤክስፖኔንሻል(−ዕድሜ ÷ 62.8)። ለ75 ሚሊዮን ዓመት ይህ 5430 ይሰጣል፤ መነሻውን፣ ማለትም አዲስ የተወለደ ወለል ያለበትን ጥልቀት፣ 2500 ስንቀንስ ስምጠቱ 2930 ይሆናል። በ1992 እ.ኤ.አ. ስታይንና ስታይን ያወጡት ሞዴል ደግሞ ስኩዌር ሩቱን (2600 + 365 × √ዕድሜ) እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ይጠቀማል። ከዚያ በኋላ 5651 − 2473 × ኤክስፖኔንሻል(−0.0278 × ዕድሜ) ነው። ለ75 ሚሊዮን ዓመት 5344፣ ስምጠቱ 2744 ሜትር።

ስለዚህ ማወዳደር ያለብህ 2744ን ከ2628 ጋር ነው። ልዩነቱ 116 ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከባሕር ጠለሉ ግምት ስህተት ውስጥ የሚገባ ነው።

ሸንተረር የተለየ ሕግ አለው ወይ ላልከው፣ የለውም። ዴትሪክ፣ ስክሌተርና ቲዴ በ1977 እ.ኤ.አ. የተቆፈሩትን የእሳተ ገሞራ ሸንተረሮች መርምረው፣ አሰጣጠማቸው ከተራው የውቅያኖስ ቅርፊት ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝተውታል። ሸንተረሩ ከጎረቤቱ ወለል ከፍ ያለው ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ነው። የሚሰጥመው ግን ከሥሩ ያለው ሊቶስፌር (ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው ጠንካራ የማንትል ክፍል) እየቀዘቀዘ፣ እየተኮማተረና እየከበደ ስለሚሄድ ነው፤ ይህ ደግሞ ለሁለቱም እኩል ነው። በሆትስፖት መደገፍ የሚሠራው ሆትስፖቱ አጠገብ ላሉት ነው። 75 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ሳህኑ ሲጓዝ ከርሞ ድጋፉ አብሮት አይሄድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ በዚህ ስሌት ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው ወደ እሱ ነው፦ እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ከሥሩ የነበረው ቅርፊት ስንት ዓመቱ ነበር? አንተ ሳትናገረው ዜሮ ብለህ ወስደሃል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተወለዱ፣ ማለትም ሸንተረሩ የተሠራው በመሐል ውቅያኖስ መስፋፊያ መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ከሆነ፣ ልክ ነህ። ካልሆነ ግን ስሌቱ ከዜሮ አይጀምርም፤ ቅርፊቱ በዚያን ጊዜ ከነበረው ዕድሜ ተነሥቶ ዛሬ ላለው ዕድሜ መቁጠር አለበት። በስታይንና ስታይን ሞዴል ይህን ተመልከት፦

ቅርፊቱ ዜሮ ዓመት ከነበረው ስምጠቱ 2744 ሜትር፤ 1 ሚሊዮን ከነበረው 2387፤ 2 ሚሊዮን ከነበረው 2244፤ 30 ሚሊዮን ከነበረው 940 ሜትር።

የመጀመሪያዋ አንድ ሚሊዮን ዓመት ብቻዋን 365 ሜትር ናት። ደለሉን ሳታስተካክል 2250ን ይዘህ ብትመጣ ኖሮ ‹ቅርፊቱ 2 ሚሊዮን ዓመት ነበረው› የሚል የሚያምር ግን ሐሰተኛ ውጤት ይወጣልህ ነበር። ቁጥሩ ልክ ስለገጠመ ብቻ ማንም አይጠረጥረውም።

የቅርፊቱን ዕድሜ ለማወቅ በሸንተረሩ ግራና ቀኝ ባለው ወለል ላይ የተመዘገቡትን ማግኔታዊ መስመሮች (ወለሉ ሲሠራ የነበረውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ የያዙትን) አንብብ። ከ121 እስከ 83 ሚሊዮን ዓመት ድረስ የምድር ማግኔት ዋልታውን ሳይቀያይር ስለቆየ በዚያ ዘመን በተሠራ ወለል ላይ የሚነበብ መስመር የለም፤ ያን ጊዜ በሁለቱ ዳር ባሉት መስመሮች መካከል መገመት ግድ ነው። ሁለተኛው መንገድ የስበት ልኬት ነው። ትኩስ ወጣት ሊቶስፌር ጭነት ሲያርፍበት እዚያው ተጣጥፎ ይሰምጣል፣ ኢላስቲክ ውፍረቱም (ጭነቱን የሚሸከመው የጠንካራው ክፍል ውፍረት) ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ያረጀው ሊቶስፌር ግን ጭነቱን በሰፊው ያካፍላል፤ ሃዋይ 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው ቅርፊት ላይ ስለተሠራ እዚያ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የተዘረጋው የዘጠና ዲግሪ ምሥራቅ ሸንተረር የመጀመሪያውን ዓይነት ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መስፋፊያ መስመር አጠገብ ነው የተሠራው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አሮጌ ቅርፊት ላይ የተሠሩ ደሴቶች ብዙ ጊዜ ከቅርፊቱ ዕድሜ ከሚጠበቀው በላይ ይሰጥማሉ። ዴትሪክና ክራፍ በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ማብራሪያ ሆትስፖቱ ሊቶስፌሩን ከሥር አሙቆ ስላሳሳው እንደገና እንደ ወጣት ይቀዘቅዛል የሚል ነው። ምን ያህል እንዳሞቀው እስካሁን ያከራክራል፤ ስለዚህ ከስሌቱ የሚወጣውን ‹የቅርፊት ዕድሜ› የሙቀት ዕድሜ ብለህ ጻፈው እንጂ ከማግኔቱ ዕድሜ ጋር አንድ አድርገህ አታቅርበው።

ጥልቅ ውሃ

ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሙቀት ስምጠትን ብቻ ነው የሚይዙት። እሳተ ገሞራው ገና እየተሠራ ሳለና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ሺህ ዓመታት ዋናው ኃይል ሌላ ነው፦ የተከመረው ላቫ ክብደት ሊቶስፌሩን ይደፋዋል።

የፍጥነቱ ልዩነት እጅግ ትልቅ ነው። በስታይንና ስታይን ሞዴል አንድ ሚሊዮን ዓመት የሆነው ቅርፊት በዓመት 0.18 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ 75 ሚሊዮን የሆነው 0.0085 ሚሊ ሜትር ብቻ። ትልቁ የሃዋይ ደሴት ግን በዓመት 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሰጠመ ነው፤ ከ75 ሚሊዮኑ 300 እጥፍ። ከደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ በውሃ የተዋጡ የኮራል ሪፎች እንደ ደረጃ ከ150 ሜትር እስከ ከ1000 ሜትር በላይ ጥልቀት ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ግማሽ ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይሞላም።

ከነዚህ ሪፎች ፍጥነቱን ስታወጣ ጥልቀትን በቀጥታ ለዕድሜ አታካፍል። 150 ሜትር ላይ ያለው ሪፍ የሞተው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። 150 ሜትርን ለ15 ሺህ ብታካፍል በዓመት 10 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ፈጽሞ የተጋነነ ነው። በዚያን ጊዜ በበረዶ ዘመኑ ምክንያት የባሕር ጠለል ራሱ ከዛሬው በ110 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። 110ሩን ስትቀንስ 40 ሜትር ይቀራል፤ ለ15 ሺህ ዓመት ሲካፈል በዓመት 2.7 ሚሊ ሜትር። ሪፉ የሞተበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፦ በረዶው ቀልጦ ጠለሉ በፍጥነት ሲወጣና ደሴቱ በዚያው ጊዜ ሲወርድ ኮራሉ ሽቅብ ማደግ አልቻለም።

ለማዕበል ጥያቄ ይህ የሚነካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጎረቤት እሳተ ገሞራ በኋላ ከተነሣ ቀድሞ የተሠራውንም ይዞት ይወርዳል፤ የሃዋይ ክብደት ማዊን ጭምር ይጎትታል። ሁለተኛ፣ የላይኛው የላቫ ንጣፍ ከክምሩ መጨረሻ ላይ የፈሰሰ ከሆነ አብዛኛው የክብደት ስምጠት ከሱ በፊት ስላለቀ ስሌትህ ብዙም አይነካም። ንጣፉ ከመሐል ከሆነና ከላዩ ሌላ ላቫ ካለ ግን የዚያን ክብደት ስምጠት ከሙቀቱ መለየት አለብህ። ቀላሉ መፍትሔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሚሊዮን ዓመታት ከኩርባው አውጥቶ በኋለኞቹ ነጥቦች ላይ መተማመን ነው።

ባሳልት

ስለ ዕድሜውና ስለ ቀዩ አፈር ትንሽ ልጨምር።

በባሕር ውሃ ውስጥ ሚሊዮን ዓመታት የተቀመጠ ባሳልት ፖታሲየም ከውሃው ይወስዳል፣ አርጎን ያመልጠዋል፤ ሁለቱም አሮጌውን የፖታሲየም–አርጎን ዘዴ ወደ ወጣትነት ይጎትቱታል። ስለዚህ የአርጎን 40/አርጎን 39 ልኬት፣ ናሙናው በደረጃ እየሞቀ የተሠራ መሆን አለበት። ከመለካቱ በፊት ናሙናው በአሲድ ታጥቦ ሸክላውና ካርቦኔቱ መወገድ ይኖርበታል። ንጹሕ ፕላጂዮክሌዝ የተባለው ማዕድን ከተገኘ ይመረጣል። ውጤቱን ስታነብ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ደረጃዎች አንድ ዓይነት ዕድሜ ሰጥተው በድምሩ ከአርጎን 39ኙ ከግማሽ በላይ መያዛቸውን አረጋግጥ። ይህን ካላሟላ ዕድሜ ብለህ አትውሰደው።

ሆኖም ጉልበትህን ሁሉ እዚህ አትጨርስ። በ75 ሚሊዮን ዓመት ላይ የ5 ሚሊዮን ዓመት ስህተት በስምጠቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 40 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሊቶስፌር እንዳሳየው ከቅርፊቱ መነሻ ዕድሜ የአንድ ሚሊዮን ስህተት 350 ሜትር ያስከፍልሃል።

ቀይ ቀለም ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም፤ ትኩስ ፈሳሽ በውሃ ሥርም ብረትን ያዝጋል። የአፈሩ ቀይነት ወደ ታች እየደበዘዘ ወደ ጤነኛው ባሳልት የሚገባ ከሆነ፣ የሥር ጉድጓዶች ከታዩበት፣ ከላዩ ሊግናይት (ቡናማ የድንጋይ ከሰል) ወይም የአበባ ብናኝ ከተገኘ ጉዳዩ ያልቃል። በዘጠና ዲግሪ ምሥራቅ ሸንተረር ላይ በ1972 እ.ኤ.አ. የተቆፈረው ጉድጓድ 214 ሊግናይትም የዕፅዋት ብናኝም ሰጥቷል፤ በአይስላንድና በፋሮ መካከል ባለው ሸንተረር ላይም ጉድጓድ 336 ከባሳልቱ በላይ ቀይ የመሬት አፈር አግኝቷል። ያልተለወጠ የላቫ መስታወት ካለህ ድኝ ይለካልህ፦ በጥልቅ ውሃ የፈሰሰ ላቫ በሚሊዮን 1000 አካባቢ ድኝ ይይዛል፣ አየር ላይ የፈሰሰው ግን ጋዙ ስለሚያመልጠው ከ400 በታች ይወርዳል። በጋዝ ቀዳዳዎች ብዛት ብቻ ጥልቀት የሚገምቱ አሉ፤ አልካላይ የሆነ ላቫ ጋዝ ስለሚበዛበት በጥልቅ ውሃም ቀዳዳ ሊሞላ ይችላልና አልመክርም።

የተሻለው ማረጋገጫ ከባሳልቱ በላይ ያለው ደለል ነው። ከዜሮ የጀመረ ሸንተረር በ5 ሚሊዮን ዓመት 816 ሜትር፣ በ15 ሚሊዮን 1414 ሜትር ይወርዳል፤ ከጠቅላላው 2744 ከግማሽ በላይ በመጀመሪያዎቹ 15 ሚሊዮን ዓመታት ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ 60 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ጠመኔ ውስጥ ያሉት የወለል ፎራሚኒፌራ (ጥቃቅን ባለ ቅርፊት ፍጥረታት) 1400 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ዓይነቶች መሆን አለባቸው። የኦይስተር ቅርፊትና ቀይ አልጌ ያለበት የጥልቀት አልባ ውሃ ንጣፍ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ከቀጠለ ግን ከሦስት አንዱ ነው፦ መነሻው ከፍታ ነበረው፣ ቅርፊቱ አሮጌ ነበር፣ ወይም ሪፉ ስምጠቱን እየተከተለ ሽቅብ አድጓል። በኤንዌታክ አቶል (ቀለበት መሰል የኮራል ደሴት) በ1952 እ.ኤ.አ. ሲቆፈር ባሳልቱ ከመገኘቱ በፊት ከ1200 ሜትር በላይ የጥልቀት አልባ ውሃ የኖራ ድንጋይ የተበሳው በዚህ በሦስተኛው ምክንያት ነው።

ማዕበል (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። ደለሉን በሁለት ንጣፍ ከፍዬ ደገምኩት፦ ላይኛው 200 ሜትር በ1600፣ ታችኛው 250 ሜትር በ1950። 150 + 149 = 299 ወጣ፤ ስለዚህ 2549፣ ከባሕር ጠለሉ ጋር 2649። ከ2744 የቀረው 95 ሜትር ብቻ ነው። የማግኔት መስመሮቹን ወደ ማንበብ አልፋለሁ።

አንድ የቀረኝ፦ ጉድጓድ ባልተቆፈረበት፣ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ የባሕር ተራራ ላይ የጥልቀት ካርታ ብቻ ቢኖረኝ የትኛውን ቁጥር ልውሰድ? ከፍተኛውን ነጥብ?

ደለል

ከፍተኛውን ነጥብ በፍጹም አትውሰድ። ሃሪ ሄስ በ1946 እ.ኤ.አ. ጋዮት ብሎ የሰየማቸው እነዚህ ተራሮች ጫፋቸውን የቆረጠው የባሕር ሞገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከላይ የጠመኔ ጭቃ ተከምሮ መሐሉን ጉብ ያደርገዋል፣ አንዳንዱም ላይ ከመስጠሙ በኋላ የወጡ ትናንሽ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች አሉ። የምትፈልገው ጠፍጣፋው አልቆ ቁልቁለቱ የሚጀምርበትን ጠርዝ ነው፤ እዚያ ጭቃው ስለሚሳሳ ለጥንቱ የሞገድ ደረጃ ይቀርባል። ጠርዙም ቢሆን ሲሠራ ከጠለሉ ጥቂት አሥር ሜትሮች ዝቅ ብሎ ነበርና ያንን ከጥልቀቱ ቀንስ።

በተራራው ዙሪያ ሁሉ፣ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ቁራጭ መስመር አውጥተህ ጠርዙን አንብብ። ጠርዙ ወደ ውስጥ እንደ ግማሽ ክብ የተነደለበት ቦታ መሬቱ ተንዶ የወደቀበት ስለሆነ ከስሌቱ አውጣው። የቀሩት በአንድ ወገን እየጠለቁ ከሄዱ ተራራው ዘንበል ብሏል፤ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ጭነት ወይም በአቅራቢያ ያለ የውቅያኖስ ቦይ የጎተተው ነው። ያን ጊዜ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ዝንባሌውንም መዝግብ። በካርታው ላይ የተጠቀሙበት የድምፅ ፍጥነት በቦታው የተለካ መሆኑንም አጣራ፤ የአንድ በመቶ ስህተት በ2000 ሜትር ላይ 20 ሜትር ነው።